ሁለት ዓመት ጭማሪ

ፀጉር ሠሪዋ የእናቷን ፀጉር የሌላ ሰው እጅ እንደነካው ያወቀችው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ፊቷን ሳትታጠብ ነው። እናትየው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ምድጃው ላይ ሻይ ጥደዋል። የወትሮው ሻሽ ራሳቸው ላይ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ በየወሩ ጥቁር ቀለም ስትቀባቸውና ወደ ኋላ ስባ ስትጠቀልልላቸው ኖራለች። ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ ግን «ቀለሙ ራሴን ያሳክከኛል» ብለው አሻፈረኝ ስላሉ ፀጉራቸው ከሥሩ ነጭ፣ ከጫፉ ጥቁር ሆኖ በሻሽ ተሸፍኖ ይውል ነበር። አሁን ጥቁሩ በሙሉ ተቆርጦ ሄዷል። የቀረው እስከ ጆሮ ጫፍ የሚደርስ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ፀጉር ነው። እናቷ ረጅም አንገት እንዳላቸው እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። መቀሱ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ከጆሮ ጀርባ ያለውን ፀጉር በሦስት ደረጃ ዝቅ እያደረጉ መቁረጥን ለዚያች ልጅ ያስተማረቻት እሷው ራሷ ናት። ባሏን ከሌላ ሴት ጋር ያገኘች ሚስት እንኳን እንዲህ አትቃጠልም ብላ አሰበች። ባል ኖሯት ስለማያውቅ ይህን ማን እንደነገራት እንጃ።

ክፋቱ ደግሞ ማማሩ ነው። ቢያስጠላባቸው ኖሮ «አበላሸችሽ» ብላ ትገላገል ነበር። እናትየው ግን አሥር ዓመት ቀንሰው፣ ማንኪያ ባነሱ ቁጥር በመስኮቱ መስታወት ራሳቸውን ሰረቅ አድርገው ያያሉ። ትናንት ክሊኒክ ነኝ ብለሽኝ አልነበር ወይ ብትላቸው፣ ክሊኒኩና ያ ቤት አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ ብዙም እንዳልዋሹ ዘወር እንኳን ሳይሉ ነገሯት። ያ ቤት የሚባለው፣ ቤተሰቡ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ድንቡሼ የሚላት ታናሽ እህቷ ከአራት ወር በፊት የከፈተችው የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ከትልቋ እህት ፀጉር ቤት በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ድንቡሼ ሥራውን የተማረችው ከእሷ፣ ደሞዝ የበላችው ከእሷ፣ ባለፈው ዓመት «ትንሽ ልረፍ» ብላ የወጣችውም ከእሷ ቤት ነው። ዕረፍቱ ሁለት ወንበርና አንድ ታፔላ ወለደ። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቿ ተንጠባጥበው አለቁ፤ አንዷ ታመምኩ፣ አንዷ ቤት ቀየርኩ፣ አንዷ ፀጉሬን ላሳድግ ነው እያለች። ደንበኛስ ይሂድ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። የገዛ እናቷ መሄዳቸው ግን አንጀቷን አሳረረው። በእሷ እጅ ሲሆን «ቀስ በይ እንጂ፣ ቆዳዬን ላጥሽው» ሲሉ የኖሩ ሴትዮ ለዚያች ጭንቅላታቸውን ሰጥተው ምናልባት እንቅልፍም ወስዷቸው ይሆናል። እንቅልፍ የሚለው ሐሳብ ከሁሉም የባሰ ሆነባት።

ዛሬውኑ ጠበቃ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረቻቸው። እናትየው በሻይዋ ላይ ስኳር ጨመሩ፤ ለእሷ ሁለት፣ ለራሳቸው አንድ፣ እንደ ሁልጊዜው።

«አንቺም ምስክር ነሽ» አለቻቸው። «እዚህ አካባቢ ፀጉር ቤት ላትከፍትብኝ በፈረመችው ውል ላይ አውራ ጣትሽ አለ።»

«አውራ ጣቴን ያሳረፍኩት አንቺ እዚህ ጋ ጫኚ ስላልሽኝ ነው» አሉ። ቆየት ብለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ያን ቀን ልጅቷ ስንት ዓመቷ እንደነበር ግን እኔም አንቺም እናውቃለን» ብለው ሻያቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ድንቡሼ ስትወለድ ፀጉር ሠሪዋ አሥራ ስድስት ዓመቷ ስለነበር የልጅቷ ዕድሜ ሊምታታባት አይችልም። ውሉ የተፈረመ ቀን ድንቡሼ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። መታወቂያዋ ግን አሥራ ዘጠኝ ይል ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ያሰኘችውም ትልቋ ናት። በዚያ ዓመት ልጅቷ ትምህርት አልሆንልሽ ብሏት እቤት ተቀምጣ ነበርና የውበት ማሠልጠኛው ከአሥራ ስምንት በታች አንቀበልም ሲል፣ ታላቅ እህት መታወቂያ ቢሮ ሄዳ፣ የልደት ወረቀቷ በጎርፍ ጠፍቷል ብላ ምላ ተገዝታ ሁለት ዓመት አስጨመረችላት። ያን ጊዜ ለደግ ነበር። በዚያው ሳምንት ውሉን ማስፈረሟ ግን ለራሷ ነው፤ ይህንንም ለራሷ እንኳን አትክደውም። ፈጣን እጅ ያላት ልጅ ሥራ ከለመደች በኋላ እሷ ቤት እንደማትቆይ የገባት ገና ያኔ ነው። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ለበሰች።

የጠበቃው ቢሮ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ የማማከር ዋጋ ተለጥፏል፤ ለግማሽ ሰዓት አምስት መቶ። እሷ አንድን ራስ አጥባ፣ በቢጎዲን ጠቅልላ፣ አድርቃና ፈትታ ሁለት ሰዓት ቆማ የምትቀበለው ከዚያ ከግማሽ ያነሰ ነው። ሰውየው ተቀምጦ፣ ያውም በአፉ፣ ይህን ያህል ካገኘ ሙያዋን ያለ ቦታው መርጣለች ማለት ነው። በጠበቃውም ቀናች፤ በዚያ ቀን ያልቀናችበት ነገር አልነበረም። ውስጡ ሲታይ ግን ቅናቷ ቀዘቀዘ፤ የፋይል መደርደሪያው በር አልዘጋ ብሎ በወንበር ተደግፏል፣ የእንግዳው ወንበር ስፖንጅ በአንድ በኩል ወጥቷል። ጠበቃው ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ሰው ነው። ውሉን ተቀብሎ ሲያነብ አራተኛው አንቀጽ ላይ ደርሶ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በጊዜው ውሉን የተየበችላት ጸሐፊ የገለበጠችው አንድ ባለ ዳቦ ቤት ከጋጋሪው ጋር ከተፈራረመው ውል ላይ ስለነበር፣ ሠልጣኟ «ሥራ ከለቀቀችበት ቀን ጀምሮ በሁለት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ለሰባት ዓመት ፀጉርም ሆነ ዳቦ ሠርታ ላትሸጥ» መስማማቷን ይናገራል። ጠበቃው ዓይኑን ጠረገና ይቅርታ ጠየቃት።

ከሳቁ ሲመለስ ጨዋ ሆነና አንድ በአንድ ጠየቃት። ልጅቷ ወዳና ፈቅዳ ነው የፈረመችው? ማንም አላስገደዳትም። የፈረመችውን ታውቀዋለች? ፀጉር ሠሪዋ ራሷ ጮክ ብላ አንብባላታለች፤ እናታቸውና የባንኳ ገንዘብ ያዥ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ደንበኛዋ፣ ቁጭ ብለው ሰምተው ነው በምስክርነት የፈረሙት። በምላሹ ምን አገኘች? የማሠልጠኛው ክፍያ በሙሉ ተከፍሎላታል፣ ከዚያም ሦስት ዓመት ከደሞዝ ጋር ሠርታለች። ጠበቃው ራሱን ነቀነቀ። ሰጪና ተቀባይ አለ፣ ፈቃድ አለ፣ ምስክር አለ፤ ይህ ውል ነው አላት። ከውል ማምለጫ በሮች ብዙ እንደሆኑም አስረዳት፤ ተገድጄ ነው፣ ተታልዬ ነው፣ ተሳስቼ ነው፣ ልጅ ነበርኩ የሚሉ በሮች። ልጅ ነበርኩ የሚለው በር ላይ ሲደርስ የመታወቂያውን ቅጂ ገልጦ አየ። «አሥራ ዘጠኝ» አለ፤ «ይሄኛው በር ተቆልፏል።» የቀረው የሰባቱ ዓመት ርዝመት ነው። ዳኛ ሰውን ከእንጀራው ሰባት ዓመት ማባረር በዛ ብሎ ወደ ሁለት ሊያሳጥረው ይችላል፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ይበቃታል፤ ኪራይ እየከፈለ ሁለት ዓመት ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው የለም።

ፀጉር ሠሪዋ ቦርሳዋን ከጭኗ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ ጭኗ አደረገች። ከዚያ አንዲት ደንበኛ እንዳለቻት፣ የእሷ ጉዳይ ከዚህ ጋር ምንም እንደማይገናኝ፣ ለእሷ አንድ ነገር ልትጠይቅላት እንደምትፈልግ ነገረችው። ያቺ ደንበኛ ያስፈረመቻት ልጅ መታወቂያዋ ላይ ትልቅ ሆና በእውነቱ ግን ትንሽ ብትሆንስ?

ጠበቃው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ለደንበኛዎ ይንገሯት» አለ፤ «መታወቂያውን ያጣመመችው ልጅቷ ራሷ ከሆነች ዳኛው ፊቱን ሊያዞርባት ይችላል። ያጣመመው ያስፈረማት ሰው ከሆነ ግን ውሉም ይፈርሳል፣ ሰውየውም በሐሰት ይጠየቃል። እህቴ፣ የነገሩኝ ሁሉ ልክ ነው አይደል?»

ልክ እንደሆነ ነገረችው። እሱም ከዚህ በላይ አልጠየቀም፤ ለጸሐፊው ነግሮ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዘጋጀላት። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልተዘጋ ክስ ይመሠረታል የሚል፣ ከታች ክብ ማኅተም ያረፈበት አጭር ደብዳቤ ነው። በመልእክተኛ ልላከው ቢላት በእጄ እሰጣታለሁ አለች። ቤቱን ከውስጥ ማየት ፈልጋ ነው። አራት ወር ሙሉ ከመንገዱ ማዶ ስታልፍ የመስታወቱ በር ነጸብራቅ ራሷን እንጂ ሌላ ነገር አሳይቷት አያውቅም።

ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የዋጋ ዝርዝሩን ነው። ለሰው ሁሉ «በርካሽ ወሰደችብኝ» ስትል ነው የከረመችው። መታጠብና ካስክ መግባት እሷ ዘንድ ሁለት መቶ ነው፤ እዚህ ሁለት መቶ ሰማንያ ይላል። አምስት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። ሰማንያ ጨምረው፣ ያውም ተሰልፈው! ግድግዳው ያልበሰለ ሎሚ ቀለም ተቀብቷል፤ ወንበሮቹ በእግር ሲረገጡ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ የመታጠቢያው ሳህን ለአንገት የሚሆን ጎማ አለው። እሷ ቤት አንገት የሚደገፈው በተጠቀለለ ፎጣ ነው፤ ፎጣውም ሁልጊዜ ይንሸራተታል። ጥግ ካለው ካስክ ሥር አንዲት ሴት መጽሔት ፊቷ ላይ አስጠግታ ወደ ታች እየሰመጠች ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ጫማዋን አወቀችው። ፀጉሬን ላሳድግ ነው ብላ የጠፋችው የባንኳ ገንዘብ ያዥ ናት፤ እጅ ከፍንጅ ተይዛለች። የውሉ ሁለቱም ምስክሮች ራሳቸውን እዚሁ ቤት ያሠራሉ ማለት ነው። «ደህና ዋልሽ» ብቻ አለቻት። ሴትዮዋ በካስኩ ጩኸት ምክንያት እንዳልሰማች ሆነች።

ድንቡሼ እጇ እንደራሰ መጥታ፣ ትልቋ ፊቷን ሳታዞር ጉንጯን ሳመቻት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከስታለች፤ ስሟን የምትመስልበት ዘመን አልፏል። ሽርጧ ላይ ያለው የቀለም ነጠብጣብ፣ ክንዷን በፎጣ ስትጠርግ ከክርኗ ወደ ታች መጥረጓ፣ ለደንበኛዋ «መጣሁ እናቴ» ማለቷ፣ ሁሉም የትልቋ ነው። የራስን ነገር ሌላ ሰው ላይ፣ ያውም አምሮ ማየት እንዴት ያበግናል! እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት። ጓዳው አንድ ሰው ተዘርግቶ የማይተኛበት ነው፤ ፎጣዎች በገመድ ተሰጥተዋል፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። ያለችውን አንዲት በርጩማ ለትልቋ ሰጥታ ራሷ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ደብዳቤውን ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ዝም ብላ ማንበብ አይሆንላትም። ፀጉር ሠሪዋ የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር ስትላት፣ መታወቂያሽ ምን ይላል ልትላት መልሱን በመንገድ ላይ ስታበጥር መጥታለች።

«ዳቦም አልተፈቀደልኝም አይደል?» አለች ድንቡሼ።

ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ከንፈሯን ነከሰች። ድንቡሼ ደብዳቤውን በእጥፋቱ መልሳ አጠፈችው።

«እኔም ጠበቃ ጠይቄአለሁ፣ እትዬ» አለች። «ቤቱን ከመከራየቴ በፊት። የክትባት ካርድሽን አምጪ፣ ልጅ እንደነበርሽ በእሱ ይታወቃል፣ ውሉ በአንድ ቀን ይፈርሳል አለኝ።»

«ታዲያ ካርዱ የታለ?»

«እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ነው። መታወቂያውን ያወጣልሽ ማን ነው ሲለኝ ግን ዝም አልኩ። ያወጣው ሰው ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅሁት። ሊታሰር ይችላል፣ የንግድ ፈቃድም ካለው ሊቀማ ይችላል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ካርዱን ከመሳቢያው አላወጣሁትም።»

«ይህን እያወቅሽ ምን አስከፈተሽ?»

«አትከሺኝም ብዬ ነዋ» አለች ድንቡሼ። ቁጣ የለበትም፤ የአውቶቡስ ሰዓት የተሳሳተ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። ከዚያ እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትታገሣት፣ ወንበሮቹን የሚገዛ ሰው እንደምትፈልግ፣ የቤቱ ባለቤት ቀብዱን እንደማይመልስ ግን ጠይቃ ማየቷ እንደማይቀር ነገረቻት። ከውጭ አንዷ ውኃው ቀዘቀዘብኝ ብላ ተጣራች። ድንቡሼ ተነሥታ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች።

ፀጉር ሠሪዋ አሸንፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ማሸነፏን ለማመን ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቆማለች። ክስ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ለጠበቃ የሚጨመር ሌላ አምስት መቶ የለም፤ በወሩ መጨረሻ ያ የመስታወት በር ይዘጋል። ፀጉር ቤቷን ከፍታ መብራቱን አብርታ የደንበኛ ወንበር ላይ ራሷ ተቀመጠች። ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው። የባንኳ ገንዘብ ያዥ ተመልሳ ስትመጣ ታያት፤ ታማሚ እንደምትጠይቅ ሰው አንገቷን ደፍታ፣ ሁለት መቶዋን ከፍላ፣ ሁልጊዜ በሚንሸራተተው ፎጣ ላይ አንገቷን ስታሳርፍ። እናቷ ደግሞ ሻይ በጠጡ ቁጥር ምንም ሳይናገሩ ሲያዩዋት። ልጅቷ እህቷን አሳልፋ ላለመስጠት ቤቷን ዘጋች ተብሎ ሲወራ፤ ያውም እንዲህ ያለው ወሬ በአንድ ዓመት አያልቅም። ይህን ስታስብ በጠዋቱ ያቃጠላት ነገር እንደ አዲስ፣ በሌላ በኩል ተቀጣጠለ። ዕድሜ ካልሆነ በቀር የምትበልጣት ነገር አልቀረም። ሙያው ሄዷል፣ ደንበኛው ሄዷል፣ እናትም ሄደዋል። የቀራት «የተበደልኩት እኔ ነኝ» የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ባልዲ ላይ ተቀምጣ እሱንም ወሰደችባት። ይህን የመሰለ ደግነት ማን አስተማራት? እሷ አላስተማረቻትም፤ የራሷ ነው። ከእሷ ያልወሰደችው የመጀመሪያው ነገር መሆኑ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም በለጠ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱን አጥፍታ ወጣች። ጠበቃው መስኮት እየዘጋ ነበር። ቁጭ በይ ሳትባል ስፖንጁ በወጣው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ያቺ ደንበኛዋ እሷ ራሷ እንደሆነች ነገረችው። ጠበቃው እምብዛም አልተገረመም፤ መስኮቱን ዘግቶ ጨርሶ ተቀመጠ። ሁለቱን ዓመት፣ መታወቂያ ቢሮውን፣ የማለችውን መሐላ፣ የክትባት ካርዱን፣ የድንቡሼን መልስ ሁሉ ሰማ። ሲጨርስ ነገሩ ቀላል እንደሆነ ነገራት። ደብዳቤውን መሳብ ብቻ ይበቃል። አልከስም ካለች የሚከስ የለም፣ የሚጠይቅም የለም፣ ሁለቱም ቤቶች እንደ ተከፈቱ ይኖራሉ። ፀጉር ሠሪዋ ግን ውሉ መሳቢያዋ ውስጥ እስካለ ድረስ ይቀጥል እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም ያው፣ ስድስት ዓመት ይቀረዋል አላት።

«እንግዲያው ይፍረስ» አለችው። «እኔ ራሴን አውቃታለሁ፣ ቅናተኛ ነኝ። ዛሬ ብተወው በሚቀጥለው ወር ሌላ ነገር አይና ደሜ ይፈላል፤ ያን ቀን ወረቀቱ ቤት ውስጥ እንዳላገኘው ነው የምፈልገው። ልጅ እንደነበረች፣ ዕድሜዋን የጨመርኩት እኔ እንደሆንኩ ይጻፉና ልፈርም። ወረቀቱን ለእሷ እሰጣታለሁ።»

ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ወረቀት በልጅቷ እጅ ከገባ በኋላ የእሷ ነጻነት በልጅቷ ፈቃድ እንደሚሆን፣ ነገ ተጣልተው ልጅቷ ወደ ፖሊስ ብትወስደው ምንም ሊያደርግላት እንደማይችል፣ ቢቀል መቀጮ፣ ቢከብድ እስራት ሊሆን እንደሚችል፣ ፈቃዷም እንደሚያሰጋ አንድ በአንድ ነገራት። ጠዋት የቆጠረላትን የማምለጫ በሮች ያህል የመግቢያ በሮች ቆጠረላት። እሷም ልጅቷ እንደማትወስደው ነገረችው። ቀጥላም፣ ብትወስደው ግን ለእሷ ለትልቋ ሳይሻላት እንደማይቀር፣ ያኔ ቢያንስ እኩል እንደሚሆኑ ተናገረች። ሰውየው የሰማው ቀልድ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ፊቷን አየ። አልሳቀችም።

«ለእህትዎ ብለው ነው ይህን የሚያደርጉት?» አላት።

«ለእሷ ብዬማ አይደለም» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እሷ ብቻዋን ደግ ሆና ልትቀር ነው እንዴ?»

ጸሐፊው ሄዶ ስለነበር ጠበቃው ባዶ ወረቀት አውጥቶ በራሱ እጅ መጻፍ ጀመረ። እኔ ከዚህ በታች ስሜ የተጠቀሰው ብሎ ስሟን ጻፈ፤ ውሉ የተፈረመበትን ቀን ጻፈ፤ ተዋዋይዋ በዚያን ጊዜ አካለ መጠን ያልደረሰች እንደነበረች ጻፈ። ከዚያ ቀና ሳይል ልጅቷ በእውነት የተወለደችበትን ቀን ጠየቃት። ፀጉር ሠሪዋ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ነገረችው። ሐሙስ ነበር አለችው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም ነበረች፣ ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጧት አላለቀሰችም፤ እናታችን ደክማ ስለነበር አዋላጇ መጀመሪያ የሰጠችው ለእኔ ነው፤ ሌባ ጣቴን ይዛ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልለቀቀችኝም። ጠበቃው መጻፉን ካቆመ ቆይቷል። እሱ የጠየቃት ቀኑን ብቻ ነበር።